የቆየ የሕንፃ ካሜራ ሲታደስ፦ ከካሜራው በፊት ገመዱ፣ ኃይሉና መቅጃው

ሱቅ ተሰብሮ ወይም መኪና ተገጭቶ ቅጂው ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚታየው መልኩ የማይለይ ግራጫ ሰው ነው፤ ታርጋውም ነጭ ብርሃን ብቻ ሆኖ ያልፋል። በማግስቱ የሕንፃው አስተዳደር ከሦስት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ይሰበስባል። በሦስቱም ላይ ጎልቶ የተጻፈው የካሜራው ሜጋፒክስል ሲሆን ገመዱ፣ ፓወር ሰፕላዩና ማገናኛው «ልዩ ልዩ ዕቃዎች» በሚል አንድ መስመር ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ካሜራው ይለወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ማታ ማታ ሦስት አራት ካሜራ ይጠፋል፣ የተቀመጠው ቅጂም የስምንት ቀን ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ማብራሪያ መነሻ ያደረግነው አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የሚገኘውን ዓይነት ሕንፃ ነው፦ ጂ+5 ወይም ጂ+7፣ ከታች ሱቆችና የባንክ ቅርንጫፍ፣ ከላይ ቢሮዎች፣ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት 24 አናሎግ ካሜራና ባለ 32 ቻናል ዲቪአር (የካሜራ መቅጃ) የተገጠመለት። እንዲህ ላለው ሕንፃ የምንመክረው ቅደም ተከተል አብዛኛው ፕሮፎርማ ከሚያሳየው የተገላቢጦሽ ነው። ገንዘቡ በመጀመሪያ ለኃይል አቅርቦትና ለገመድ፣ ቀጥሎ ለመቅጃና ለዲስክ፣ በመጨረሻ ለካሜራ ይዋል። ካሜራ በማንኛውም ጊዜ በአንድ ሰዓት ይቀየራል። በኮርኒስና በዳክት ውስጥ የተቀበረን መጥፎ ገመድ ለመቀየር ግን ተከራይ ማስቸገር፣ ግድግዳ መብሳትና ቀለም መቀባት ይመጣል።

መጀመሪያ መመዝገብ

መሰላል ከመቆሙ በፊት ያለው ሁሉ በወረቀት ይመዝገብ። አንድ ሰው መቅጃው ፊት፣ ሌላው ካሜራው ሥር ቆመው በስልክ እየተነጋገሩ እያንዳንዱን ካሜራ ይለዩ። ለእያንዳንዱ የሚጻፈው፦ የትኛው ፎቅ፣ የገመዱ ዓይነት፣ የገመዱ ግምታዊ ርዝመት፣ ኃይል የሚያገኘው ከየት እንደሆነ፣ የቀን ምስሉና የማታ ምስሉ። የገመዱ ዓይነት ልባሱ ላይ ታትሟል፤ አርጂ59፣ አርጂ6 ወይም ካት5ኢ ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኮአክሲያል (እንደ ዲሽ ገመድ ያሉ ክብ)፣ ካት5ኢ ደግሞ የኔትወርክ ገመድ ነው። ብዙ ገመዶች ላይ የሜትር ቁጥርም ስላለ ከሁለቱ ጫፎች ቁጥሩን አንብቦ መቀነስ ትክክለኛውን ርዝመት ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ዓምድ ግን «ይህ ካሜራ የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?» የሚለው ነው። በር ላይ ያለው «ማን ገባ?» ለሚለው፣ መውጫው ላይ ያለው «የትኛው ታርጋ ወጣ?» ለሚለው፣ ገንዘብ መቀበያው ላይ ያለው «ምን ተቀበለ፣ ምን መለሰ?» ለሚለው፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ደግሞ «ወደ የት ሄደ?» ለሚለው ብቻ ነው መልስ የሚሰጠው። መልስ ያጣ ካሜራ ካለ ይነሳ። ጥያቄ እያለ ካሜራ የሌለበት ቦታም እዚሁ ይታወቃል። በብዛት የሚረሱት የሊፍቱ ውስጥ፣ የጣሪያው መውጫ በር፣ የጄኔሬተሩ ክፍልና የኋላ ማራገፊያ ናቸው።

በዚያው ቀን ከዲቪአሩ ሦስት ነገር ይነበብ፦ የሞዴል ቁጥሩ፣ በጣም አሮጌው ቅጂ የየትኛው ቀን እንደሆነ፣ የዲስኩ የጤና ሁኔታ። «30 ቀን ይይዛል» ተብሎ የሚታመን መቅጃ ከሁለት ዲስኮቹ አንዱ ሞቶ የ12 ቀን ብቻ እየያዘ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ከጠፋ ወይም ማንቂያው ከተዘጋ ማንም አያውቅም።

የቆየውን ኮአክሲያል ማቆየት ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ይህም ትልቅ ወጪ ያድናል። የድሮው አናሎግ ምስል ስፋቱ ቢበዛ ከ704 እስከ 960 ፒክስል ነበር። ቲቪአይ፣ ሲቪአይና ኤኤችዲ የተባሉት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡ ዘዴዎች በዚያው የኮአክሲያል ገመድ 1920 በ1080 ፒክስል፣ ከዚያም 5 እና 8 ሜጋፒክስል ያስተላልፋሉ። ደህና በሆነ አርጂ59 ገመድ 1080 ምስል 300 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጥራቱ በጨመረ ቁጥር ርቀቱ ያጥራል።

ኤክስቪአር የሚባለው ድብልቅ መቅጃ የቆየውን አናሎግ፣ ሦስቱን አዳዲስ ዘዴዎችና የተወሰኑ አይፒ (በኔትወርክ ገመድ የሚሠሩ) ካሜራዎችን በአንድ ላይ ይቀበላል። ስለዚህ ዛሬ መቅጃውን ብቻ ቀይሮ ካሜራዎቹን በጀት በተገኘ ቁጥር በየተራ መለወጥ ይቻላል። በጀቱ በአንድ ጊዜ ለማይሞላለት ሕንፃ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ጠንቁ ቅጥያው ላይ ነው። የድሮው ምልክት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለነበረ በመሃል ተቀጥሎ በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ እንኳ ምስሉን ያሳልፍ ነበር። አዲሱ ምልክት ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ስለሚጠቀም በዚያው ቅጥያ ላይ እየተንፀባረቀ ይመለሳል፤ ምስሉ ጥላ ያወጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል ወይም ጭራሽ «ምልክት የለም» ይላል። በእጅ እየተጠመዘዙ የሚገቡ የቢኤንሲ (የኮአክሲያል ጫፍ) ማገናኛዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ጊዜ ሲሄድ ይላላሉ። በመጭመቂያ መሣሪያ የሚታሰሩት ይግቡ። ለ24 ካሜራ በሁለቱም ጫፍ 48 ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ለብልሽት 10 ይጨመርበት። በካት5ኢ ገመድና በባለን (የካሜራውን ምልክት በኔትወርክ ገመድ የሚያሳልፍ ማጣጣሚያ) የተዘረጉ መስመሮች ካሉም ባለኑ ለከፍተኛ ጥራት የተሠራ መሆኑ ይታይ፤ የድሮው ባለን ለድሮው ምስል ብቻ የሚሆን ነው።

ከግዢ በፊት አንድ ፈተና መደረግ አለበት፤ ያለእርሱ ውል ባይፈረም እንመርጣለን። አንድ አዲስ ካሜራና አንድ ኤክስቪአር ይምጡ፣ ካሜራው በሕንፃው ረጅሙና ቅጥያ በበዛበት መስመር ላይ ይታሰር፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይቅዳ። ያ መስመር ካለፈ ሌሎቹ የማለፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው። በፈተናው ጊዜ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከተመሰቃቀለ ወዲያው ገመዱን አይውቀሱ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ገመዳቸው ላይ ትንሽ ቁልፍ አላቸው፤ ካሜራው በአንዱ ዘዴ፣ መቅጃው በሌላው ከሆኑ ምስል አይገናኝም። ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ዘዴውን ይለውጠዋል።

በምስሉ ላይ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ የሚጓዝ ሰፊ መስመር ከታየ ደግሞ ምክንያቱ የግራውንድ ልዩነት ነው። ካሜራው በብረት ምሰሶ ላይ ታስሮ ከአንድ ግራውንድ፣ መቅጃው ከሌላ ግራውንድ ሲገናኙ በኮአክሲያሉ የብረት መረብ ውስጥ ጅረት ያልፋል። መፍትሔው ካሜራውን ከብረቱ በፕላስቲክ መለየት ወይም መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። የመቅጃውን የግራውንድ ሽቦ ቆርጦ መገላገል የተለመደ ነው፤ አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ።

ቀን ሠርቶ ማታ የሚጠፋው ካሜራ

«ካሜራው ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚለወጠው ብዙው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ቮልቴጅ ነው። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። የመዳብ ሽቦ ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በየሜትሩ 0.0175 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ካሜራው ከፓወር ሰፕላዩ 60 ሜትር ቢርቅ ጅረቱ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 120 ሜትር ነው። ሽቦው 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ተቃውሞው 4.2 ኦም ይሆናል። ቀን ካሜራው 0.2 አምፔር ሲስብ የሚጠፋው 0.84 ቮልት ነው፤ ከ12 ቮልት 11.2 ያህል ይደርሰዋል፣ ችግር የለም። ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ 0.5 አምፔር ይስባል፤ 2.1 ቮልት ይጠፋል፣ የሚደርሰው 9.9 ብቻ ነው። ብዙ ካሜራዎች ከ10.8 በታች አይሠሩም። ካሜራው ይጠፋል፣ ሲጠፋ መሳብ ስለሚያቆም ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ መብራቱ ሲበራ እንደገና ይጠፋል። እስኪነጋ እንዲህ ያድራል።

ሽቦው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ተቃውሞው ከንጹሕ መዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ስለሆነ በዚያው ርቀት የሚደርሰው 8.6 ቮልት ነው።

መድኃኒቱ ሦስት ነው። ሽቦውን ማወፈር፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን መጥፋቱ ከ2.1 ወደ 0.7 ቮልት ይወርዳል። ፓወር ሰፕላዩን ማቅረብ፤ ሁሉንም በአንድ ክፍል ከመሰብሰብ በየሁለት ፎቁ አንድ ባለ 9 መውጫ ሳጥን ማድረግ። ወይም ወደ ፒኦኢ (ኃይልና ምስል በአንድ የኔትወርክ ገመድ) መዞር። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ማስተካከያ አዙሮ ወደ 14 ቮልት ማውጣት ሩቁን ካሜራ ሲያስነሳ ቅርቡን ያቃጥላል፤ በመልቲሜትር ካልሆነ አይነካ። መለኪያው የሚደረገውም ማታ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ፣ መብራቱ በርቶ እያለ ነው። ቀን ፓወር ሰፕላዩ ጫፍ ላይ የተለካ 12.1 ቮልት ምንም አይነግርም።

የፓወር ሳጥኑ አቅምም ይደመር። 12 ቮልት 10 አምፔር የተጻፈበት ሳጥን ላይ 0.5 አምፔር የሚስቡ 16 ካሜራዎች 8 አምፔር ይጠይቃሉ፤ ይህ ለቀን ተቀን ሥራ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። እያንዳንዱ መውጫ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ አለዚያ አንድ ውኃ የገባበት ካሜራ ፎቁን በሙሉ ያጠፋል።

አይፒና ፒኦኢ የሚገቡበት ቦታ

ገመዱ ያለቀለት፣ አዲስ መስመር የሚዘረጋበት ወይም ፊትና ታርጋ መለየት ያለበት ቦታ አይፒ ካሜራ ይገባዋል። በአንድ ካት6 ገመድ ምስሉም ኃይሉም ይሄዳል። የመጀመሪያው የፒኦኢ ደረጃ ከስዊቹ (የካሜራዎቹ ገመዶች ከሚሰበሰቡበት የኔትወርክ ሳጥን) 15.4 ዋት ይሰጣል፣ ለካሜራው 12.95 ዋት ዋስትና አለው፤ ሁለተኛው ደረጃ ከስዊቹ 30 ዋት ነው። ተራ ቋሚ ካሜራ በመጀመሪያው ይበቃዋል፤ የሚሽከረከረው ሁለተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ስዊች ሲገዛ የወደብ ብዛት ብቻ አይቆጠር። 24 ወደብ ያለው ስዊች ጠቅላላ የኃይል በጀቱ 185 ዋት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ካሜራ ማታ 10 ዋት ቢስብ 240 ዋት ይመጣል፤ ስዊቹ የመጨረሻዎቹን ወደቦች ይዘጋል። የቮልቴጁ ችግር በሌላ መልኩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የርቀቱ ገደብ 100 ሜትር ነው፤ ቋሚው 90፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት አጫጭር ገመዶች 10። ቀጥታ ከፍታው 30 ሜትር ገደማ በሆነ ሕንፃ አብዛኛው ካሜራ ከዚህ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም በየሁለት ፎቁ ስዊች አስቀምጦ ስዊቾቹን በጊጋቢት ማገናኘት ገመድ ይቆጥባል፣ ዳክቱንም አያጨናንቅም። ለግቢ በርና ለአጥር ካሜራ ግን ርቀቱ ከ100 ባይበልጥም ፋይበር ይዘርጋ። በክረምት መብረቅ ከሜዳ ወደ ሕንፃው የሚገባው በመዳብ ገመድ ነው። በአንድ የበር ካሜራ መስመር የገባ መብረቅ ስዊቹንና መቅጃውን አብሮ ሊያቃጥል ይችላል፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መንገዱን ይዘጋዋል።

የካት6 ካርቶን 305 ሜትር ይይዛል። ካርቶኑ ምንም ይበል ምን ቢላዋ ይውጣ፤ የአንዱን ሽቦ ቅባት ይፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው። የአልሙኒየም ገመድ ለፒኦኢ አይፈቀድም፤ ይሞቃል፣ ጫፉ ተሰባሪ ነው፣ ኃይሉ ሩቅ አይደርስም። ገበያው ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ካርቶን ለብሰው ስለሚሸጡ በውሉ ላይ «ንጹሕ መዳብ» የሚል ቃል ይግባ፤ ሲረከቡም ተፍቆ ይታይ።

ስዊቹ የሚሰካበት ሶኬት ላይ አጥብቀን የምንናገረው አለ። ገጣሚው ቅርብ ነው ብሎ ከተከራይ ሱቅ ሶኬት ኃይል ይወስዳል። ሱቁ ማታ ሲዘጋ ባለቤቱ ብሬከሩን ይጥላል፤ የዚያ ፎቅ ካሜራዎች በሙሉ አብረው ይተኛሉ። ሌባው የሚመጣው ደግሞ ያኔ ነው። ሁሉም ስዊችና ፓወር ሳጥን ከሕንፃው የጋራ ቦርድ፣ በራሱ ብሬከር፣ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል በሚያቆየው) በኩል ይመገብ።

ፊት የሚለየው እስከ ስንት ሜትር ነው?

የማያውቁትን ሰው በቅጂ ለመለየት በዘርፉ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መለኪያ በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ነው። የሚያውቁትን ሰው ለመለየት 125 ይበቃል፤ ሰው መኖሩን ለማየት 25። የድሮው 704 ፒክስል ካሜራ ለ250 የሚደርሰው የሚያየው ስፋት 2.8 ሜትር ብቻ ሲሆን ነው። 1920 ፒክስል 7.7 ሜትር፣ 2560 ፒክስል ያለው ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ደግሞ 10.2 ሜትር ስፋት ይሸፍናል።

ግን ስፋቱን የሚወስነው ሌንሱ ነው። ገጣሚዎች በብዛት የሚያመጡት 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ 100 ዲግሪ ያህል ስለሚከፍት ምስሉ ሰፊና ደስ የሚል ነው፤ ባለ 4 ሜጋፒክስል ቢሆንም ፊት የሚለየው ግን በግምት እስከ 4 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ያው ካሜራ በ6 ሚሊ ሜትር ሌንስ 11 ሜትር ገደማ፣ በ12 ሚሊ ሜትር ደግሞ 20 ሜትር አልፎ ይደርሳል። ስለዚህ ለኮሪደር 2.8፣ 10 ሜትር ርቆ ለሚታይ በር 6፣ ለግቢ በር 12 ወይም ማስተካከያ ያለው ሌንስ ይታዘዝ። «ሁሉም 2.8 ይሁን» የሚል ፕሮፎርማ ሕንፃውን ያላየ ሰው የጻፈው ነው።

ከፍታውም እንዲሁ። 4 ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚቀዳው ኮፍያና የራስ አናት ነው። ፊት ለመያዝ 2.5 ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ ታች ከ20 ዲግሪ ባልበለጠ ዝንባሌ ይሁን፤ ለመስበር እንዳይመች ጠንካራ ዶም (ክብ ሽፋን ያለው ካሜራ) ይመረጥ። የመስታወት በር ፊት ለፊት ያለ ካሜራ የውጭ ብርሃን ስለሚመታው የሚገባ ሰው ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ እዚያ 120 ዲቢ የሆነ እውነተኛ የብርሃን ማመጣጠኛ ያለው ካሜራ ያስፈልጋል።

ታርጋ የራሱ ካሜራ አለው። ምድር ቤቱ መግቢያ ላይ መኪናው ፍጥነት በሚቀንስበት ቦታ፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ሆኖ ይስተካከል። ምስሉ ጨለም ያለ ይሆናል፤ ታርጋው ግን ይነበባል። ያው ካሜራ የሾፌሩንም ፊት እንዲይዝ መመኘት ሁለቱንም ማጣት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ይጨመር፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ካሜራው በፋብሪካ 60 ኸርዝ ላይ ተትቶ ከመጣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ምስሉ ይርገበገባል። ወደ 50 ኸርዝ ወይም ፓል መቀየር ብቻ ያስተካክለዋል።

የስንት ቀን ቅጂ፣ ስንት ቴራባይት

ሂሳቡ በአንድ ቁጥር ይያዛል፦ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ በቀን 10.8 ጊጋባይት ይሞላል። በኤች.265 የምስል መጭመቂያ ዘዴ በሰከንድ 15 ፍሬም የሚቀዳ ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ 3 ሜጋቢት ያህል ይበቃዋል። 24 ካሜራ 72 ሜጋቢት ነው፤ በቀን 778 ጊጋባይት፣ በ30 ቀን 23.3 ቴራባይት። ሦስት ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ ለጥቂት ይበቃል፤ አራት ይገዛ። አራቱን በሬይድ 5 ማሠራት የሚችል መቅጃ ከሆነ አንዱ ዲስክ ቢሞት ቅጂው አይጠፋም።

ኮሪደርና ደረጃ በእንቅስቃሴ ብቻ ቢቀዱ ቦታ ይተርፋል። መግቢያ፣ መውጫና ገንዘብ መቀበያ ግን ሳይቋረጥ ይቀዱ፤ የእንቅስቃሴ መለያ ሊያመልጠው ይችላል። ዲስኩ ለሲሲቲቪ የተሠራ ይሁን፣ ለምሳሌ ደብሊውዲ ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ። የኮምፒውተር ተራ ዲስክ ሌት ተቀን ለመጻፍ አልተሠራም። መቅጃው የሚቀበለው ትልቁ ዲስክ ስንት እንደሆነና በጠቅላላ ስንት ሜጋቢት ማስገባት እንደሚችልም ከመግለጫው ይነበብ፤ ባለ 32 ቻናል ተብሎ 32 ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ መሸከም የማይችል አለ።

መብራት ሲሄድ

ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ «ዩፒኤስ ለምን?» ይላል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም መቅጃው ጠፍቶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ዲስኩም እየጻፈ በድንገት በጠፋ ቁጥር ይጎዳል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ ፓወር ሰፕላዮችን ይፈጃል። ለዚህ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ከዩፒኤሱ በፊት ይግባ።

መጠኑን ለማስላት መቅጃው ከነዲስኮቹ 50 ዋት፣ ስዊቾቹና ካሜራዎቹ ማታ 200 ዋት ብንል 250 ዋት ይሆናል። ሁለት ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያለው 1.5 ኬቪኤ ዩፒኤስ ባትሪው አዲስ ሳለ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይይዛል። ጄኔሬተር የሌለው ሕንፃ የውጭ ትላልቅ ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ያስፈልገዋል። ባትሪው በየሦስት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል፤ የተገጠመበት ቀን ጀርባው ላይ ይጻፍ። መቅጃው ብቻ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ካሜራዎቹ ከሌሉ ግን የሚቀዳው ጥቁር ምስል ነው።

ሰዓትና ቀን

መቅጃዎች በአብዛኛው የሚያውቁት የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ይህም ማስረጃ ሲፈለግ ስህተት ይወልዳል። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለ ስርቆት መቅጃው ላይ ረቡዕ 02:00 ነው። ማክሰኞ 02:00 ወይም ማክሰኞ 08:00 ላይ የፈለገ ሰው ምንም ሳያገኝ «አልተቀዳም» ብሎ ይመለሳል፤ ቅጂው ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ይጠፋል። የስድስት ሰዓቱን ልዩነትና የሁለቱን ቀን መቁጠሪያ የሚያሳይ ወረቀት መቅጃው አጠገብ ይለጠፍ። የሰዓት ቀጠናው ጂኤምቲ+3 ሆኖ፣ የበጋ ሰዓት ማስተካከያው ተዘግቶ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ይደረግ። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ቆየ ዓመት የሚመለስ መቅጃ ካለ ትንሿ የሰሌዳ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው።

በስልክ ማየትና የሚከፈተው በር

ባለቤቱ በስልኩ ማየት ይፈልጋል፤ ገጣሚውም ራውተሩ ላይ ከኢንተርኔት ወደ መቅጃው የሚያስገባ ወደብ ከፍቶ ይሄዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን በብዛት ይዞ ትላልቅ ድረ ገጾችን ለማጥቃት ተጠቅሞባቸዋል። በ2017 እና በ2021 እ.ኤ.አ. በሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ይፋ የሆኑት ክፍተቶችም ያለ ይለፍ ቃል መግባት የሚያስችሉ ነበሩ። የቆየ ዲቪአር የሶፍትዌር ማስተካከያ ማግኘት ካቆመ ክፍተቱ እንደተከፈተ ይኖራል። ብዙዎቹ የሚከፈቱትም ማይክሮሶፍት በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባቆመው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ነው፤ መቅጃውን ለመለወጥ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ወደብ አይከፈት፤ ዩፒኤንፒ (ወደብ በራሱ የሚከፈትበት ዘዴ) ይዘጋ። በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ወይም በአምራቹ መተግበሪያ በኩል ይታይ። ካሜራዎቹ ከቢሮዎቹና ከእንግዶች ዋይፋይ በተለየ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ። የዋናው ተጠቃሚ ይለፍ ቃል በሕንፃው አስተዳደር እጅ ይቀመጥ፤ ለጥበቃ የማየት፣ ለገጣሚው የጥገና ፈቃድ ብቻ በየራሳቸው ስም ይሰጥ። ካሜራው ኦንቪፍን (የአምራቾች የጋራ ደረጃ) የሚደግፍ ከሆነ ወደፊት ከሌላ አምራች መቅጃ ጋር መሥራት ይችላል።

በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ተከራይ ካለ ከግዢው በፊት ይጠየቅ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ሂክቪዥንና ዳሁአን ጨምሮ በአምስት የቻይና ኩባንያዎች ዕቃ ላይ ገደብ ስላደረገ ተከራዩ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል።

በአገር ውስጥ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰውን ለይቶ የሚያሳይ ቅጂ የግል መረጃ ነው። በየመግቢያው ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፍ፣ ቅጂ የሚያወጣው ማን እንደሆነ በስም ይወሰን፣ ለማን መቼ እንደተሰጠ በመዝገብ ይያዝ፣ የድምፅ መቅጃው ይዘጋ። መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ካሜራ አይገባም።

መለወጡና ርክክቡ

አሮጌው ሲስተም አዲሱ መቅዳት እስኪጀምር አይነቀል። ሥራው በፎቅ በፎቅ ይሂድ፤ አንድ ፎቅ ተለውጦ አንድ ሌሊት ከተቀዳ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፍ። የድሮው መቅጃ ከነዲስኩ ቢያንስ 30 ቀን ይቀመጥ፤ ካለፈው ወር የሚፈለግ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ሲወገድ ዲስኩ ወጥቶ ቅጂው ይደምሰስ፤ ከነቅጂው ለገበያ አይውጣ።

የርክክቡ ፈተና ማታ ይሁን። አንድ ሰው በየካሜራው ፊት ይመላለስ፣ ፊቱ ከቅጂው ወጥቶ ይታይ፤ በቀጥታ ማሳያው ላይ ጥሩ መስሎ ቅጂው ላይ የሚደበዝዝ አለ። መኪና መብራቱን አብርቶ ይግባ፣ ታርጋው ይነበብ። ዋናው ብሬከር ይጣል፣ ሲስተሙ በዩፒኤስ መቆየቱ ይለካ። ከዶሙ አጠገብ ያለ ግድግዳ ወይም የሸረሪት ድር ኢንፍራሬዱን መልሶ ምስሉን ነጭ የሚያደርግ ከሆነ ካሜራው ይዛወር። ከዚያም ይረከቡ፦ የገመድ ካርታ፣ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር የተለጠፈባቸው ገመዶች፣ የይለፍ ቃላት በታሸገ ፖስታ፣ ለመለዋወጫ 2 ካሜራ፣ 1 ፓወር ሰፕላይና 1 ትንሽ ስዊች።

ከክፍያው 10 በመቶ ያህሉ ይያዝ። በ31ኛው ቀን መቅጃው ይከፈት፣ የመጀመሪያው ቀን ቅጂ በ24ቱም ካሜራዎች ላይ ይፈለግ። ካለ ቀሪው ይከፈል፤ ከጎደለ ገጣሚው ዲስክ ይጨምር ወይም የቅጂውን ሜጋቢት ቀንሶ እንደገና 30 ቀን ይቆጠር።